የካምፑ ውሃ

የልጅ ልጄ እዚህ አሜሪካ፣ ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ይሄንንም የምትጽፍልኝ እሷ ናት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንድ ቀን ስለ ሀንጋሪ ወታደሮች እያነበበች ትነግረኛለች። ድሮ ነው አሉ። መሬት ተሰጥቷቸው፣ ግብር ቀርቶላቸው፣ ሥራቸው መዋጋት ብቻ። ኋላ አገሩ ሲያምፅ ንጉሡም «ለእኔ ተዋጉ» ይላል፣ አመፀኛውም «ለእኔ» ይላል። ጎረቤቱ እንደሆነ ድሮም ዓይናቸውን ማየት አይፈልግም።

«እኛን እኮ ነው የምታነቢው» አልኳት።

ባሌ ወታደር ነበር። አገር ቤት ሰሜን፣ ካምፕ ውስጥ ነበር የምንኖረው። ስኳሩም ዘይቱም ለእኛ በራሽን ይመጣል፤ የከተማው ሰው ይሰለፋል። አማፂዎቹ ከተማዋን ከበው ውሃ ሲቋረጥ፣ ቦቴው የሚያመላልሰው ለካምፑ ብቻ ነበር። የከተማው ሴቶች ጀሪካን ይዘው የካምፑ አጥር ሽቦ ጋ ይቆማሉ።

«ሰጠሻቸው?» አለችኝ።

«ታዲያስ!» አልኩ። ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ምን ልበል?

እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን የምታደርሰን ሴት አለች፤ እዚሁ ታከር ከተማ ጎረቤታችን ናት። ያደገችው እዚያችው ተከባ በነበረችው ከተማ ነው። ካምፕ መኖሬን ታውቃለች፣ አንስተነው ግን አናውቅም። መኪና ውስጥ ይቺ ምላሰኛ የልጅ ልጄ «አያቴ እኮ በሽቦው ውሃ ታቀብላቸው ነበር፣ ዩ ኖው» ብላ ዘረገፈችው።

ሴትየዋ መሪዋን እንደያዘች «እናቴም እዚያ ሽቦ ጋ ትቆም ነበር» አለች። «ማን ያውቃል፣ የእርስዎን ጠጥተን ይሆናል። እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ።»

የማርያም ያለህ! ቤተክርስቲያኑ ጋ ፓርክ ስታደርግ አላስቻለኝም።

«አልሰጠሁም፣ ልጄ» አልኳት። «ባልዲዬ ሙሉ ነበር። እነሱ እያዩኝ ልብስ አጥብ ነበር። ሲጠሩኝ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።»

«ተከልክላችሁ ነው?» አለች ሴትየዋ።

«መከልከሉንስ ተከልክለናል። ባንከለከልም መስጠቴን እንጃ።»

ሞተሩን አጠፋች።

«ታዲያ ለምን ነገሩኝ?» አለች። «የሰጠን ሰው ነበር ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

የልጅ ልጄ ስልኳ ላይ አቀረቀረች። ሴትየዋ ቅዳሴው ላይ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው የምትቆመው፣ ያን ቀን ወደ ፊት ሄደች። ስንመለስ በሩን ከፍታ አስገባችኝ፣ ቀበቶዬንም አሰረችልኝ። ዓይኔን ግን አላየችም።