ለፋሲካ የቆየ ድምፅ

በኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ ጎዳና፣ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ፣ ስልኩ እምቢ ያለው ሁሉ የሚጠራው አንድ ስም ነው፤ ፀደንያ። ቀን ቀን በባቡር ፒስጋት ዘኤቭ የሚባል ሰፈር ድረስ እየሄደች አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። ከሥራ ስትመለስ ግማሹ ገዳም ስልኩን ይዞ በሯ ላይ ነው። አንዷ «ሞላ ይለኛል» ትላለች፤ ሌላዋ «ፎቶዬን ማን ወሰደብኝ?» ትላለች። እሷም ክላውድ የሚባለውን የኢንተርኔት ማስቀመጫ ትከፍትላቸዋለች፤ የይለፍ ቃላቸውንም ትይዝላቸዋለች። «እዚህ የገባ ነገር ስልክዎ ጉድጓድ ቢገባ እንኳ አይጠፋም» ማለት ትወድ ነበር። ለምን ይዋሻል፣ ትንሽ ኩራትም ነበረባት።

ከሁሉ የምትሳሳለት ለእማሆይ ወለተ ብርሃን ስልክ ነበር። እማሆይ የጎንደር ሰው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ደረሰን ድረው፣ ጎጆ አውጥተው ነው ኢየሩሳሌም መጥተው የመነኮሱት። ሲመነኩሱ ፍትሐት ተደርሶላቸዋል፤ ለዓለም የሞቱ ናቸው። ለደረሰ ግን አልሞቱም፤ የትኛዋ እናት ይህን ትችላለች? ዓይናቸው ስለደከመ ጽሑፍ አያነቡም። ልጃቸው በየሰንበቱ ድምፁን ቀድቶ ይልክላቸዋል፤ ስለ ልጆቹ ጠባይ፣ ስለዚያች መከረኛ ባጃጁ። እማሆይ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ብቻቸውን ሲስቁ ያያቸው ሰው አብሮ ይስቃል።

ፀደንያ የደረሰን ድምፅ ሁሉ ባንድ ፎልደር ሰብስባ ወደ ክላውዱ እንዲወጣ አድርጋለች። ደግሞም አንድ ብልሃት ጨመረችበት። ለእማሆይ ከየዘመዱ የሚጎርፈው የአበባና የመልካም በዓል ምስል ነጻውን ቦታ እየሞላ ሲያስቸግራት፣ ከስልኩ የተሰረዘ ከላይ ከክላውዱም አብሮ እንዲሰረዝ አድርጋ ሁለቱን አስተሳሰረቻቸው። ያን ጊዜ በብልሃቷ ተደስታ ነበር።

በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ፣ ከሥራ ስትመለስ ባቡር ውስጥ ሳለች ከገዳሙ አባቶች አንዱ፣ አባ ገብረ ትንሣኤ፣ ደወሉላት።

«ፀደንያ፣ የእማሆይ ልጅ ዐርፏል። ትናንት ነው፤ ዛሬ ቀብረውታል።»

«የቱ? ደረሰ?»

«ሌላ ልጅ አላቸው እንዴ? ስሚኝ፤ በሕማማት መርዶ አንነግራቸውም። ፍትሐቱም ቢሆን በሕማማት ለሚሞት ሁሉ በሆሳዕና አስቀድሞ ተደርሷል። በትንሣኤው ሳምንትም ሐዘን አናስገባባቸው። ዳግማይ ትንሣኤ ይለፍና አባቶች ሆነን እናረዳቸዋለን። እስከዚያ ያ ስልክ ቀድሞን እንዳያረዳቸው፤ አደራሽን።»

እየሮጠች ግቢ ገባች። «እማሆይ፣ ስልክዎን ላጽዳልዎ» ስትላቸው ያለምንም ጥርጣሬ ሰጧት፤ ሰጥተዋትም አጠገቧ ቆመው ይጠብቋት ጀመር። ከፈተችው። የደረሰ ሚስት እናና በባሏ ስልክ የቀብሩን ፎቶ ለዘመድ ሁሉ እየላከች ኖሯል። ከራሱ ከደረሰ ቁጥር የደረሰ ሬሳ ሣጥን መጣ። ድንኳኑ መጣ፤ ደረት የሚመቱ ሴቶች መጡ፤ ደግሞ ሌላ መጣ። ሌላ ቀን ቢሆን አንድ በአንድ ትለይ ነበር። ያን ቀን ግን ከዚያ ቁጥር የመጣውን ሁሉ፣ ፎልደሩን ጨምራ ሰረዘች። በልቧ «ላይ አለ፣ ላይ አለ» ትላለች። የተሰረዘ ነገር ከስልኩ የቆሻሻ ቅርጫት እንዴት እንደሚመለስ ለእማሆይ ያስተማረቻቸው ራሷ ስለሆነች፣ ቅርጫቱንም ባዶ አደረገችው። ቁጥሩንም ዘጋችው። «ጸዳልዎ» ብላ ስትመልስላቸው እማሆይ መረቋት።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። የፀደንያ ፈረስ የገዛ እውቀቷ ነበር።

የፋሲካ ጠዋት ከዴር ሡልጣን ገዳም ቅዳሴ በእግር ተመልሰው ገና ጾማቸውን ሳይገድፉ፣ እማሆይ ስልካቸውን ይዘው በሯ ላይ ቆሙ። ፊታቸው በደስታ በርቷል።

«ልጄ፣ ያችን የደረሰን ድምፅ አውጪልኝ፤ ፈልጌ አጣኋት። በሆሳዕና ነው የላካት። ሕማማት የሐዘን ነው፣ የልጄን ድምፅ ብሰማ ደስ ይለኛል ብዬ፣ ሳልሰማት ለፋሲካ አቆይቻት ነው።»

ፀደንያ ስልኩን ነካ ነካ አደረገች። «ኔትወርኩ ነው እማሆይ፤ በኋላ አወጣልዎታለሁ» አለች። በሯን ዘግታ ክላውዱን በራሷ ስልክ ከፈተች። የደረሰ ፎልደር የለም። ያስተሳሰረችው ነገር ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው። የክላውዱን ቅርጫት አየች፤ እሱም ባዶ ነው፤ ደግማ አየች። ከደጅ «ክርስቶስ ተንሥአ» እየተባባለ ሰው ይሳሳማል፤ እሷ አልጋዋ ላይ ተደፍታ፣ ድምጿ እንዳይሰማ ትራሷን ነክሳ አለቀሰች።

ከዚያ ጎንደር ደወለች። እናናን አጽናናቻትና በፍርሃት ጠየቀቻት፤ ደረሰ የላካቸው ድምፆች በራሱ ስልክ የሉም ወይ?

«የሱ ስልክ መቼ ቦታ ኖሮት ያውቃል፣ እህቴ?» አለች እናና። «ልኮ ያጠፋዋል። ‹እናቴ ዘንድ አለ፤ እዚያ ምን ይነካዋል?› ነበር የሚለኝ።»

«የሆሳዕናውስ?»

«እሱን ብቻውን ደጅ ወጥቶ ነው የቀዳው። ምን እንዳለ እኔም አልሰማሁ።»

ያን ሳምንት እማሆይ በየቀኑ ጠየቋት፤ እሷም በየቀኑ ዋሸች። ኔትወርኩ፣ ስልኩ፣ ሥራ በዛብኝ። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ እማሆይ መጠየቁን ተዉት፤ ይህ ደግሞ ከጥያቄው ይልቅ አንገበገባት።

ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ማግስት፣ ገና በማለዳ፣ አባ ገብረ ትንሣኤና ሌሎቹ አባቶች የእማሆይን በር አንኳኩ። ፀደንያም ከኋላቸው ነበረች። መነኩሴ ልጁን አያለቅስም የሚል ሰው ካለ ያን ጠዋት እዚያ አልነበረም። እማሆይ መሬት ቁጭ ብለው «ደረሰ፣ የኔ ብቻ፣ እናትህ ቀድማህ ሞታ አልነበር ወይ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። አባቶች ጸሎት ጀመሩ። እንባው ጋብ ሲል እማሆይ ፀደንያን በዓይናቸው ፈለጓት።

«አሁንማ መርዶው ደርሶኛል፤ ምን ትፈሪያለሽ? ድምፁን አምጪልኝ።»

እግራቸው ላይ ወደቀች። ሁሉንም ተናገረች፤ ፎቶዎቹን፣ ቅርጫቱን፣ ለአንድ ሳምንት የዋሸችውን።  እማሆይ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ለኔው ብለሽ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ስትሰርዢያት አይተሻት ነበር?»

«አይቻታለሁ እማሆይ። አልሰማኋትም።»

«አጭር ነበረች፣ ረጅም?»

አጭር ነበረች ብትል ያ ሁሉ ይቀልላት ነበር። ግን ውሸቱ ሰልችቷት ነበር። «ረጅም ነበረች» አለች።

«ደረሰ ደኅና ሲሆን ቶሎ ይጨርሳል። ነገሩን የሚያስረዝመው ሲጨንቀው ነው» አሉ እማሆይ። «ልጄ ምን ሆኖብኝ ነበር? ፀደንያ፣ ምን ሊለኝ ነበር?»

 እማሆይ ዓይናቸውን ከፊቷ ሳያነሱ መልሱን ይጠብቁ ነበር።