ውስጥ ሰው ያለበት ዝግ ቤት

ሆሳዕና ውስጥ የምኖርበት ቤት የቀበሌ ነው። አንድ ክፍል፣ ከኋላ ጠባብ ማድቤት፣ ከፊት ደግሞ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥባት በረንዳ አለው። ስድስት ቤቶች በአንድ ቆርቆሮ ሥር ተደርድረናል። የጭቃው ግድግዳ ለስም ያህል ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ከሦስተኛው ቤት «ይማርህ» ይባላል። እኔ የወሎ ሰው ነኝ። የሒሳብ መምህርት ሆኜ ስመደብ አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ሻንጣዬን እንኳ በወጉ አልፈታሁም ነበር። ከተማው ለመደኝ፣ ለመድኩት፣ ቀረሁ። የቆየሁት ግን በዚህች ቤት ምክንያት ነው። በመምህር ደመወዝ የግለሰብ ቤት ተከራይቶ መኖር እንደማይሆን ለማወቅ ሒሳብ ማስተማር አያስፈልግም። ይህች ቤት ከእጄ ከወጣች ሻንጣዬን ይዤ ወደ እናቴ ነው። እናቴ ደስ ይላታል፤ እኔ ነኝ የማልወደው።

አንድ ክረምት የከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ለጠፈ። የሰፈራችን አሮጌ የቀበሌ ቤቶች ሊታደሱ ነው፤ ጣሪያ ይቀየራል፣ የጎርፍ መውረጃ ይቆፈራል፣ መጸዳጃ ቤት ይሠራል። ከዚያ በፊት ግን ማን በየትኛው ቤት እንደሚኖር በአካል ይጣራል፤ ዝግ ሆኖ የተገኘ ቤት ተመዝግበው ለሚጠባበቁ ይተላለፋል ይላል። ከእኔ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ እንዲህ ያለ ቤት ነበር። ተከራዩ አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል፤ ውስጥ የሚኖሩት እንደ ድንጋይ የደረቁ የሲሚንቶ ከረጢቶች ናቸው። ሁላችንም እናውቃለን፤ ማናችንም ተናግረን አናውቅም።

እኔ ጠንቃቃ ነኝ። ውሌን፣ የምደባ ደብዳቤዬን፣ መታወቂያዬን ሁለት ሁለት ኮፒ አስደርጌ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ አንዱን ፍራሽ ሥር፣ ሌላውን ደግሞ ፍራሽ ሥር ያለው ዝናብ ቢነካው ብዬ ጣሪያው የማያፈስበት ጥግ አስቀመጥኩ። የቀረኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ፍልሰታ ገባ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ሱባኤዬን በቤቴ ለመያዝ አሰብኩ፤ ከማለዳው ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጸሎት፣ ስግደት፣ አርምሞ። አንድም ቃል ላልናገር ለራሴ ቃል ገባሁ። ችግሩ በሬ ነው። አንዷ ልጇን አስጠኚልኝ ብላ ትመጣለች፤ አንዱ ደብዳቤ አንብቢልኝ ይላል፤ ሌላዋ ዝም ብላ ትመጣለች። ከውስጥ ብቀረቅር እንኳ መኖሬን ስለሚያውቁ አይሄዱም። ስለዚህ ከውጭ የማስቆለፍ ዘዴ አመጣሁ። ቁልፍ ያየ ሰው አያንኳኳም።

ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ከጊምቢቹ ቅቤ እያስመጣች የምትሸጥ ትልቅ ሴት ናት፤ በአገሬ ልማድ እትዬ እላታለሁ። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነን፤ በግድግዳው በኩል አንዳችን የሌላችንን ጸሎት በቃል አጥንተነዋል።

«ቲቸር» አለች ቁልፉን እያገላበጠች፣ «እኛ ስንጸልይ በር እንከፍታለን፣ ማይክም እንጨምራለን። አንቺ ጭራሽ እስር ቤት ትገቢያለሽ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትከፍቺልኛለሽ፤ ሌላ ምንም የለውም።»

«እሳት ቢነሳስ?»

«ጾመኛ ነኝ፣ እስከዚያ እሳት አላነድም።»

«እኔ ቅቤ ስነግድ ብረሳሽስ?»

ይህን አላሰብኩም ነበር። ሆኖም ለእግዚአብሔር ተውኩት።

ሁለት ቀን በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ለስግደት ግንባሬ መሬት እንደነካ ከበሬ ፊት የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት።

«አራት ሜትር ከሃያ» አለ ወንዱ። የሜትር ገመድ ሲጎተት ይሰማል። «ወይኔ እግሬን! ይሄ አዲስ ጫማ ሊገድለኝ ነው።»

«ቫዝሊን ቀባው አላልኩህም?» አለች ሴትዮዋ። «ይሄኛው ዝግ ነው። የማን ነው?»

«የአንዲት መምህርት ነው አሉ። አገሯ ሄዳ ይሆናል።»

አልሄድኩም! ልቤ ይህን ጮኸ፤ አፌ ግን በቃል ኪዳን ተዘግቷል። ቤቴና ቃሌ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። መሳል መናገር አይደለም ብዬ አሰብኩና አንዴ ሳል አልኩ።

«ሰማህ? ውስጥ የሆነ ነገር አለ።»

«አይጥ ነው።»

አሁን በእግሬ ወለሉን መታሁ።

«ትልቅ አይጥ ነው» አለ ባለሜትሩ።

ሴትዮዋ ፎርሙን ስትገልጥ ሰማሁ። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች። «ይሄ ቤት ለአክስቴ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር! ተመዝግባ ስንት ዓመቷ፣ በሰው ማድቤት ነው የምታድረው። ዝግ ብለህ ጻፍበት።» ቀጥሎ የቀለም ብሩሽ በሬን ሲዳብሰው ተሰማኝ፤ ሄዱ።

እትዬ ለወትሮው ዘጠኝ ሰዓት ስትከፍት፣ የዚያን ቀን አሥር ሰዓት ከፈተች፤ ገበያ ደርቶላት ነበር። በሩ ላይ በቀይ ቀለም፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል «ዝግ» ተብሎ ተጽፏል።

«ቲቸር፣ በርሽን ቀቡልሽ!» አለች። አነበበችው። ከዚያ በእጇ የያዘችውን ቁልፍ አየች። «አይ አምላኬ! እኔ ነኝ ቤትሽን ያስወሰድኩት?»

በማግስቱ ሱባኤዬን ለግማሽ ቀን አቋርጬ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው ሁለቱንም ፌስታሎቼን በትዕግሥት ተመለከተ።

«ወረቀትሽ ሙሉ ነው። ቤቱ ግን ዝግ ሆኖ ነው የተገኘው።»

«ውስጥ ነበርኩ።»

«ቁልፉ ከውጭ ነው ይላል።»

«አዎ፣ ከውጭ ነበር።»

«ማን ነው የቆለፈብሽ?»

«ጎረቤቴ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለፖሊስ አመልክተሻል?»

«ኧረ እኔ ነኝ ያስቆለፍኳት! ሱባኤ ላይ ነበርኩ።»

ሰውየው ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ገልብጦም አየው። «ስሚ እህቴ፣ እዚህ ላይ ያለው ሦስት ነገር ነው። ወይ ተከራዩ ይኖርበታል፣ ወይ ዝግ ነው፣ ወይ ለሌላ ሰው አከራይቶታል። ውስጥ ሰው ያለበት ዝግ የሚል ቦታ የለም።» አሰበ። «በዚህ ሳምንት እኔ ራሴ ከሠራተኞቹ ጋር እመጣለሁ። ቀኑን አልነግርሽም። የምትኖሪበት ከሆነ በዓይኔ አያለሁ።»

ይህን ለእትዬ ነገርኳት። ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። ዝም ብዬ በሬን ከፍቼ መጸለይ እችል ነበር። እሷ ግን በደለኛ ነኝ ብላ ስለነበር ለመደዳው ሁሉ አዳረሰችው።

«ቤቱ ሰው ያለበት መምሰል አለበት» አለች።

«ሰው አለበት እኮ። እኔ አለሁ።»

«አንቺ ዝም ትያለሽ። ዝም ያለ ሰው አይታይም።»

በማግስቱ ማለዳ የቤተ ክርስቲያኗን የሴቶች የጸሎት ኅብረት ይዛ መጣች። ስምንት ሴቶች አልጋዬ ላይ፣ ሻንጣዬ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተደርድረው ለእኔ ቤት መጸለይ ጀመሩ። ሰው እንዳይመጣብኝ በሬን ያስቆለፍኩት እኔ፣ በስምንት ሴት ጸሎት መሐል ጥግ ይዤ በልቤ እጸልያለሁ። በመደዳው ጫፍ የሚኖረው የሚኒባስ ሾፌር ደግሞ የመኪናውን ትርፍ ጎማ እያንከባለለ አመጣና በረንዳዬ ላይ አጋደመው።

«ቲቸር፣ ጎማ ያለበት ቤት ዝግ አይባልም፤ ኢንሻአላህ ይሳካል» ብሎ ሄደ። የትኛው ደንብ ላይ እንዳነበበው አላውቅም።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ለእንግዶቿ አተካና ሠርታ አመጣች። ቡላው በቅቤና በወተት ተነክሮ ሽታው ቤቱን ሞላው። ለጾመኛ ከዚህ የባሰ ፈተና የለም። ኃላፊው፣ ባለሜትሩና ባለፎርሟ የገቡት ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ኃላፊው ደፉ ላይ ቆሞ ሴቶቹን ቆጠረ። ጎማውን ዞሮ አየው።

«ስንቱ ነው እዚህ የሚኖረው?»

«ብዙ ነን!» አለች እትዬ በኩራት።

ባለፎርሟ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ለሌላ ሰው ያከራየች በሚለው ልሙላው?»

እትዬ የአተካናውን ሳህን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከዝግነት ወጥቼ ወደባሰው ልገባ መሆኑን አየሁ። ሰዓቱ ገና ስድስት ነበር፤ ቃሌም እስከ ዘጠኝ ነው። ይቅር በለኝ ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ጌታዬ፣ ያን ቀን ውስጥ ነበርኩ። በሬ ላይ የተባለውን መናገር እችላለሁ።»

ባለፎርሟ ፊቷ ተለዋወጠ። የትኛውን እንደፈራች አውቃለሁ። እኔም ፈርቼ ነበር። እሱን ብናገር ቤቴ እንደሚድን አልጠራጠርም፤ ሴትዮዋ ግን በአለቃዋ ፊት ምን ይደርስባታል? በጸሎት ላይ ሳለሁ የሰማሁት የሰው ችግር ነው። በማድቤት የምታድር አክስት ደግሞ በሌለችበት የምትከሰስበት ምክንያት የለም።

«ግድግዳው አራት ሜትር ከሃያ ነው ተባለ» አልኩ። «እኚህን ወንድሜን አዲስ ጫማ እግራቸውን ገድሏቸው ነበር። እኅቴ ቫዝሊን ይቀቡ ብላቸዋለች። እኔ ሳስል አይጥ ነው አሉ። ወለሉን ስመታ ትልቅ አይጥ ነው አሉ።»

ኃላፊው ቀስ ብሎ ወደ ባለሜትሩ እግር ተመለከተ። ባለሜትሩ በነጠላ ጫማ ነበር።

«አይጧ እርስዎ ነበሩ?» አለ ባለሜትሩ።

ሴቶቹ ሳቁ፤ ኃላፊውም ሳቀ። እኔ ግን የማየው ባለፎርሟን ነበር። የቀረውን እስክናገር ትጠብቃለች። አልተናገርኩም። ማንም ሳያዛት «ዝግ» የሚለውን ሰርዛ «ተከራይዋ ይኖሩበታል» ብላ ጻፈችና ለአለቃዋ ፊርማ አቀረበችው። ሲወጡ በሩ ላይ እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። ባለሜትሩ አተካና ቀምሶ ነው የሄደው።

እድሳቱ በበጋው ደረሰ። ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ጎርፉ መውረጃ አገኘ፣ ለየቤቱም የብረት በር ገባ። «ዝግ» የተባለውን የእንጨት በር እትዬ ለዶሮ ቤቷ ወሰደችው፤ ዶሮዎቹ በሥሩ ሲወጡና ሲገቡ ይውላሉ። የሲሚንቶው ቤትም በመጨረሻ ተከፈተ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈው ተራ ለአንዲት አሮጊት ደረሰ፤ ባለፎርሟ ዕቃ ተሸክማ ስታስገባቸው ነው አክስቷ መሆናቸውን ያወቅኩት። ገና ሳይነጋ እያጨበጨቡ ይጸልያሉ። ግድግዳው ታድሷል፤ ድምፃቸውን ግን አያስቀርም። ትዕግሥት እንዲሰጠኝ እለምናለሁ።

አሁን ፍልሰታ ሲገባ አላስቆልፍም። እትዬ ቅቤዋን በረንዳው ላይ ዘርግታ «ቲቸር ውስጥ ናት! ትጸልያለች! አታንኳኩ!» እያለች ላለፈ ላገደመው ሁሉ ስለምትጮህ፣ ጸሎቴ የት እንደደረሰ ገበያው ሁሉ ያውቃል። እትዬ የማትከለክላት አንዲት ሰው ባለፎርሟ ናት። አክስቷን ልትጠይቅ ስትመጣ በብረቱ ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ታንኳኳለች።

«ቲቸር፣ አለሽ?»

አርምሞ ላይ ብሆንም ለዚህ እመልሳለሁ።

«አለሁ።»