የባለቤቴ ቀኝ እጅ

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ብርድ ልብስ መጭመቅ ነበር። ጎሮ ያለው ግቢያችን ውስጥ እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ጠመዘዝነው። በማግስቱ ልቡ በድንገት ቆመ። ሳስታውሰው ደስ የሚለኝ ብርድ ልብሱን ስንጠመዝዝ የነበረው የቀኝ እጁ ብርታት ነው።

ከዓመታት በፊት የዚያ እጁ አንጓ አብጦ ነበር። ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ስለነበር ወለም ብሎት ነው ብለን ወጌሻ ዘንድ ሄድን። ወጌሻው ደጋግሞ አሸው፤ እብጠቱ ግን ባሰ። በኋላ ራጅ ተነሳ። ሐኪሟ ናሙና ወስዳ ካስመረመረች በኋላ ጠራችን።

“አጥንቱ ውስጥ የበቀለ ዕጢ ነው። እንዲህ ያለው ብዙም አያጋጥመንም፤ ካንሰር ግን አይደለም። ከእንግዲህ እንዳይታሹ።”

“እጄ ሊቆረጥ ነው?” አላት።

“ኧረ አይቆረጥም ጋሼ! ዕጢውን ጠርገን፣ ከዳሌዎ በምንወስደው አጥንት እንሞላዋለን።”

ወደ እኔ ዞሮ፣ “ዳሌዬ ቁጭ ብሎ ነው የኖረው፤ እስቲ ደግሞ እሱ ይሥራ!” አለኝ።

ካገገመ በኋላ እስከ መጨረሻው ሴራሚክ ሲያነጥፍ ኖረ። አሁን የጎረቤት ሰው አንጓው አብጦ አልሽር ሲለው፣ መጀመሪያ ራጅ እንዲነሳ አብሬው እሄዳለሁ።