ከደቻቱ አሸዋ ስር የወጣው በር

ዛሬ ረፋድ ላይ እዚህ ድሬ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ስር የተቀበረ በር ሲንኳኳ አየሁ።

ለድልድዩ መሠረት ኬዞን እያሰመጥን ነው፤ ትልቅ የኮንክሪት ቀለበት ማለት ነው። ከውስጡ አሸዋውን ስንቆፍር በራሱ ክብደት ይሰምጣል።

ጠዋት አንዱ ጎኑ አልወርድም ብሎ ዘመመ። ቶሎ ካልተቃና ግድግዳው ሊሰነጠቅ ይችላል።

"ድንጋይ ነው" አልኩ። መሐንዲሷ እኔ ነኝ፤ እርግጠኛ መምሰል ሥራዬ ነው።

ቆፋሪዎቹ አሸዋውን ሲያነሱ ግን የብረት በር ብቅ አለ፤ ከነመቃኑ፣ ከግንብ ስባሪ ጋር።

ፎርማናችን ጋሽ ዩሱፍ ወንዙ ዳር ነው ያደጉት። በሩን ዳበሱት። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ከውስጥ ነው የተቀረቀረው" አሉኝ።

ድሬ ውስጥ የደቻቱ ጎርፍ ስንቱን ቤት ከነሰዉ እንደወሰደ የማያውቅ የለም።

አንዱ ቆፋሪ ሊሰብረው መዶሻ ሲያነሳ ጋሽ ዩሱፍ "ወርያ፣ ተው! የሰው ቤት ነው!" ብለው ጮኹበት። ከዚያ አንኳኩ። "አሰላሙ አለይኩም።" ደገሙት። ሠለሱት።

ሁላችንም ጆሯችንን ጥለን ጠበቅን። (ዩኒቨርሲቲ ስለ አፈር ሰበቃ እንጂ ስለዚህ አላስተማሩኝም።)

ደንቡ፣ ሦስቴ ጠርቶ መልስ ያጣ እንግዳ ይመለሳል። እኛ ግን መቆፈር ነበረብን።

ቆፋሪዎቹ ከቀለበቱ ከወጡ በኋላ በሩን ከነመቃኑ በክሬን ስናነሳው ቀለበቱ አጓርቶ ወረደና ቀጥ አለ።

ሪፖርቱ ላይ "እንቅፋቱ ተነስቷል" ብዬ ጻፍኩ። በሩ ግን አሁንም እንደተቀረቀረ ጥላ ስር ቆሟል። መክፈት የደፈረ የለም።

እናንተስ፣ መልስ እንደሌለ እያወቃችሁ አንኳኩታችሁ የጠበቃችሁበት በር አለ? ጻፉልኝ አቦ፤ ዛሬ ዝምታውን አልቻልኩትም።