የፈረንጇ የጡት ልጅ

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት ዘመናይ ልጅ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ገባችና የፀሐይ ክሬም ጠየቀችኝ። አወረድኩላት። ክዳኑን ከፍታ እጇ ጀርባ ላይ ጠብ አደረገችና ታሸው ጀመር፤ ሽታው ባንኮኒውን አልፎ እኔ ዘንድ ደረሰ። ኧረ ተይኝ! በዚህ ዕድሜዬ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ሰው ሁሉ «ዶክተር» እያለኝ፣ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። «ለደረቅ ቆዳ ይሆናል?» ስትለኝ መደርደሪያውን የማስተካክል መስዬ ዞርኩ። ልጅቷ ምን ታውቃለች? እኔ ግን በአፍንጫዬ ተጎትቼ ሄጄ ነበር፤ አንዲት ነጭ መኪና ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ።

እስቲ ልንገርሽ፤ ግን እንዳትስቂ።

ያደግኩት እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ከከተማው ዳር፣ ባሕር ዛፍ የከበበው የልጆች ማሳደጊያ ውስጥ ነው። እናቴ ስትሞት አባቴ ሌላ ሚስት አገባና፣ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ካለው መንደራችን አምጥቶ ለማሳደጊያው ሰጠኝ። «እመጣለሁ» ብሎኝ ነበር። እኔም ልጅ ነኝና የግቢውን በር እያየሁ ስጠብቀው ከረምኩ። ኋላ ተውኩት።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ፈረንጇ መጣች። ለአንድ ዓመት ልጆችን በነፃ ላገልግል ብላ ከአገሯ የመጣች ወጣት ናት። «ቲቸር» ነበር የምንላት። ጠዋት እንግሊዝኛ ታስተምረናለች፣ ከሰዓት ሥዕል ታስለናለች፣ ሲመሻሽ ጭቃ ለጭቃ ኳስ ታራግጠናለች። ፊቷ ጤፍ የተበተነበት የሚመስል፣ ስትስቅ ድዷ ሁሉ የሚታይ ረጅም ልጅ ነበረች። ፀሐይ ስለምትፈራ ያንን ክሬም ትለቀለቃለች፤ ስታቅፈን ሽታው ልብሳችን ላይ ይቀራል። እኔ እንግዲህ አንገትጌዬን እያሸተትኩ ነበር የምተኛው። ይኼንን ስናገር አሁንም ያሳፍረኛል። ሁላችንንም ነበር የምታቅፈው፣ ሁላችንንም እኩል። የኔ ግን ትንሽ ረዘም የሚል ይመስለኝ ነበር።

ሞግዚታችን ደግሞ ሌላ ሰው ነበረች። «እትየ» እንላታለን። ከጉንደ ወይን የመጣች፣ ልጅ ያልወለደች፣ እጇ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ብዛት የተሰነጣጠቀ ሴት። ማቀፍ የሚባል ነገር አታውቅም። ራሳችንን ስታጥበን ጆሯችን እስኪቀላ ትፈትገናለች፤ ስትቆጣ «አንች ጉድ!» ትላለች። ስንታመም ሌሊቱን ሙሉ ራስጌያችን ትቀመጥ ነበር አሉ፤ እኛ ግን ተኝተን ነዋ፣ አናያትም።

ሰኔ ሲገባ ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦ የቲቸር መሄጃ እንደ ደረሰ ነገረን። ልጆቹ ሁሉ እዬዬ አሉ፤ በማግሥቱ ወደ ኳሳቸው ተመለሱ። እኔ አላለቀስኩም። እኔማ መላ መጣልኝ።

በእኛ አገር የጡት ልጅ መሆን የሚባል ነገር አለ፤ ሰምተሽ ይሆናል። ዘመድ የሌለው ወይም መጠጊያ የፈለገ ሰው ትልቅ ሰው ዘንድ ይሄዳል፤ የዚያ ሰው አውራ ጣት ማር ይቀባና በሽማግሌ ፊት ይጠባል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ነው፤ ከአብራኩ እንደ ወጣ። መካድ የለ፣ ማባረር የለ። አጎቴ እንዲህ ሆኖ ደኅና ቤት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ እኔም ቲቸርን ጡት ብጠባ ትታኝ ልትሄድ አትችልም አልኩ። ፈረንጅ ይህንን ላያውቅ ይችላል ብሎ ማሰብ በጭንቅላቴ ዞሮ አያውቅም። ማር እኮ ነው፤ ማርን የማያውቅ ማን አለ?

ሽማግሌ ማግኘት ነበረብኝ። ግቢያችን ውስጥ ሽማግሌ ቢባል ዘበኛው ናቸው፤ ረጅም ካፖርት የማይለያቸው፣ ዱላቸውን ተደግፈው የግቢው በር ላይ የሚቆሙ፣ ቤታቸው ጓሮ ቀፎ ያላቸው ገበሬ። ሄጄ እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩና «አባባ፣ ይመስክሩልኝ» አልኳቸው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«እሷ እሽ ብላለች?» አሉኝ።

«ትላለች!»

«ጡት ጨዋታ አይደለም ልጀ። ኋላ ማፍረስ የለም።»

«አውቃለሁ አባባ።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ንጹሕ ነጠላ አጣፍተው፣ ማሩን በብርጭቆ ይዘው መጡ። ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር አስቀመጡን። ቲቸር የሆነ ደስ የሚል ነገር ሊደረግላት እንደሆነ ገብቷት እየሳቀች ስልኳን ለአንዱ ልጅ ሰጠች፣ ፎቶ እንዲያነሳ። ዘበኛው ቆባቸውን አወለቁ። አውራ ጣቷን ይዘው ማሩ ውስጥ ነከሩትና ወደኔ አዞሩት። ጠባሁ። ማሩ ጉሮሮዬን አሞቀው። ማሩ ሲያልቅ ከሥሩ ያ ክሬም መጣ፤ መራራ ነው ለካ! ዋጥኩት።

ዘበኛው የነበራቸውን እንግሊዝኛ ሁሉ አወጡ። «ማዘር» አሉ ወደ እሷ እያመለከቱ፤ «ዩ ማዘር»፤ ወደ እኔ እያመለከቱ። የቲቸር ዓይን እንባ ሞላ። «የስ! የስ!» ብላ እቅፍ አደረገችኝ።

«ሰምቻለሁ። ምስክር ነኝ» አሉ ዘበኛው፤ መረቁን።

እትየ ልብስ እያሰጣች ነበር። ማታ ባልዲዋን ይዛ መጣችና አጠገቤ ቆመች። «ልጀ፣ ይች ሰው እንደኛ አይደለችም። ለሷ ይኸ ነገር ጨዋታ ነው፤ ኋላ እንዳይከፋሽ» አለችኝ።

«ቀንተሽ ነው» አልኳት።

እጆቿን አየት አደረገቻቸውና ባልዲዋን አንስታ ሄደች።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለኝ! መስኮት ሥር የነበረውን አልጋዬን ለጓደኛዬ ሰጠሁ። ማበጠሪያዬንና ሹራቤን አከፋፈልኩ። ትምህርት ቤት ሄጄ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ ልሄድ ነው አልኳቸው። አንዱ ጫማ፣ አንዷ የፀጉር ጌጥ አዘዘችኝ፤ «አያለሁ» እላቸዋለሁ፣ እንደ ሚኒስትር። መምህራችን ሳይቀር «እኛንም እንዳትረሽን» ብሎኝ ክፍሉ ሲስቅ፣ እኔ «አልረሳችሁም» አልኩ፤ የምሬን! ቲቸር ስታቅፈኝ ጆሮዋ ሥር «እናቴ» እላታለሁ። እሷም «እናቴ» ትለኛለች መልሳ። አማርኛ ለመልመድ የሰማችውን ቃል ሁሉ መድገም ልማዷ ነበር። ለእኔ ግን መልስ ነበር።

የመሄጃዋ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ መሬቱ በእንፋሎት ይጤስ ነበር። የሚወስዳት ነጭ መኪና በር ላይ ቆመ። ልጆች ተሰልፈው ዘፈኑ፣ ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ። እኔ ታጥቤ፣ ተሠርቼ፣ ቀሚሶቼን በትልቅ ፌስታል ይዤ ነበር። ፈረንጅ አገር ይበርዳል ሲሉ ሰምቼ ብርድ ልብሴንም ጠቅጥቄዋለሁ። ቲቸር ልጆቹን በየተራ እያቀፈች ስታለቅስ፣ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ የመኪናውን የኋላ በር ከፈትኩና ገብቼ ተቀመጥኩ። ልጅ እናቷን ትሰናበታለች እንዴ?

ሾፌሩ መጣ። «ውረጂ እንጂ የኔ ልጅ፣ መሄዳችን ነው።»

«እኔም የምሄድ ነኝ።»

«የት?»

«ከእናቴ ጋር።»

ሥራ አስኪያጁን ጠራው። ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ መጣ፤ ሲያየኝ፣ ፌስታሉን ሲያይ፣ ሳቁ ጠፋ። ልጆቹን ጠየቀ፤ እነሱ ምን ይደብቃሉ፣ የማሩን ነገር ዘረገፉለት። ለቲቸር በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ነገራት። እሷ ስትሰማ ቆየችና አውራ ጣቷን አየች። ከዚያ ፊቷ፣ አንገቷ፣ ደረቷ ሳይቀር ቀላ። ጭቃው ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ እጄን በሩ ላይ ይዛ፣ እያለቀሰች ብዙ ብዙ አለችኝ። ያ ሁሉ ንግግር ሲተረጎም ይቺን ታክል ሆነ፤ «በጣም ትወድሻለች፤ ግን አይቻልም ትላለች።»

ቀጥሎ አንድ ልጅ ከሰልፉ መሐል ሳቀ። ሌላው ተከተለው። ከዚያማ ሁሉም! አልጋዬን የሰጠኋት ጓደኛዬ ሳትቀር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ላቤ በጀርባዬ ወረደ፤ መውረድም አልቻልኩም፣ ፌስታሌን ጭኔ ላይ አቅፌ ቀረሁ። ዘበኛው ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠጋ አሉ። «የስ ብላለች እኮ ጌታየ። በጆሮየ ሰምቻለሁ» ይላሉ በለሆሳስ። የሚሰማቸው የለም። ደግመው «መስክሬያለሁ» አሉ። እሳቸውም እንደኔ አፍረው ነበር።

ይኼን ጊዜ እትየ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ልጆቹን በክርኗ እየገፋች መጣች።

«ምንድን ነው ግርግሩ? እኔ ነኝ የላክኋት! እስከ ከተማው መውጫ ሸኝተናት እንመለስ ብያት ነው። እንግዳ እንዲሁ ከበር ይሸኛል እንዴ?» ወደሚስቀው ልጅ ዞረች፤ «አንተ ደግሞ ምን ያስገለፍጥሃል? ወግድ ከፊቴ!»

ጋቢዋን ከበረንዳው አንስታ ደረበችና እኔን ገፋ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። በሩን ድርግም! ሥራ አስኪያጁ ከመኪናው ፈቀቅ አለ። በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት። ሾፌሩ መኪናውን አንቀሳቀሰ።

መኪናው በዚያ ክሬም ሽታ ታፍኗል። ቲቸር ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ተጠምዝዛ እጄን ይዛለች፤ እኔ እጄን ሰጥቼ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ። እትየ ጉልበቷ ጉልበቴን ነክቶ ተቀምጣለች፣ አልሸሸችም።

በአዲስ አበባው መንገድ ከከተማው እንደ ወጣን ቆምን። ካፊያው ጀምሯል። ቲቸር አቀፈችኝ፤ እጄን አላነሳሁላትም። እትየንም አቀፈቻት። እትየ እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ብላ ቆማ ጀርባዋን ቸብ ቸብ አደረገቻት። «በይ፣ በሰላም ግቢ። እናትሽ መንገድ መንገድ ታይ ይሆናል» አለቻት። ቲቸር አልገባትም። እኔ ግን ገባኝ፤ ለካ እሷም የሰው ልጅ ኖራለች፣ የምትጠበቅ። መኪናው ዳገቱን ወጥቶ ተሰወረ።

የቀረነው እኔ፣ እትየና ፌስታሉ ነን። መመለስ አቃተኝ። የከተማው ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ መሰለኝ፤ ሸክፋ ወጥታ ሸክፋ የተመለሰችው ልጅ ሊለኝ። እትየ ፌስታሉን ከእጄ ወሰደችና ጋቢዋ ውስጥ አስገብታ ሆዷ ላይ አቀፈችው። «ብርድ ልብሱ ይርሳል» አለች። ከፊት ከፊት መሄድ ጀመረች፤ እኔ ራቅ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኳት።

ገበያው አጠገብ ሴቶች ከአንድ ሱቅ ጣሪያ ሥር ዝናቡን ተጠልለዋል። አንዷ የሠፈሯ ሰው ኖራ ጮክ ብላ ተረበቻት፤ «ምነዋ! በዚህ ዕድሜሽ አረገዝሽ እንዴ?» ሴቶቹ አውካኩ። እኔ ደነገጥኩ። እትየን በልጅ የሚነካት ሰው አልነበረም፤ አንድ ጊዜ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ብትነካት ብዙ ቀን ሳታናግራት ሰንብታለች። አሁን ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ።

ዝናቡ ውስጥ ቆመች። ሆዷን በሁለት እጇ ደገፍ አደረገችው።

«አዎ» አለች። «ከሆነኝማ ቆየ፤ ልብ ያለኝ የለም እንጅ።»

ሴቶቹ የባሰ ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸዋል። እሷ ሳትስቅ ወደ ኋላ ዞረችና ፈለገችኝ። «ነይ እንጅ! ምን ያስቀርሻል?»

ሮጬ ደረስኩባት። ጋቢዋን ከፈት አድርጋ ከነፌስታሉ ከለለችኝ። አንድ ነገር ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ያንን ቃል ግን ለፈረንጇ በጆሮዋ ሥር አውጥቼ ጨርሼው ነበርና አፍሬ ዝም አልኩ። ነገ እላታለሁ አልኩ። ስመረቅ እላታለሁ አልኩ። እስክትሞት ድረስ «እትየ» እንዳልኳት ቀረሁ።