አማቼ ለመርከቦቹ ሽማግሌ የሆኑ ቀን

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ አላሜዳ ደሴት ላይ አንዲት ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበረችኝ። ቤታችን ኦክላንድ ስለነበር ጠዋት ጠዋት በውሃ ሥር የሚያልፈውን መሿለኪያ አቋርጬ እሄዳለሁ። ሱቄ ከባሕር ኃይሉ ጣቢያ በር ፊት ለፊት ነበረች፤ ደንበኞቼም መርከበኞች ነበሩ። ማዕረግ ያገኘው አዲሱን ምልክት እጅጌው ላይ እንድሰፋለት ይመጣል። ባሕር ላይ ከርሞ የወፈረው የሱሪውን ወገብ እንዳሰፋለት፣ የከሳው ደግሞ እንዳጠብብለት ይመጣል። ሁሉም ይቸኩላሉ፤ ሁሉም "ነገ ይደርስልኛል?" ይላሉ።

ጣቢያው ላይ የሚቆሙት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ነበሩ፤ አንድ ሰፈር ሕዝብ ከነአውሮፕላኑ ተሸክመው የሚሄዱ ግዙፍ ብረቶች። አንዷ ስትገባ ሱቄ በር ላይ ሰልፍ ይሆናል፤ ስትወጣ መንገዱ ጭር ይላል። እኔም ዓመቱን በወር መቁጠር ትቼ "ትልቋ ከገባች በኋላ"፣ "ሁለተኛዋ ሳትወጣ" እያልኩ መቁጠር ጀምሬ ነበር። ባለቤቴ በዚህ ያሾፍብኝ ነበር። ያሹፍ፤ ደስ ብሎኝ ነው የምሠራው። ማንም ሳያዘኝ በገዛ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ መስፋት ከአገሬ ከመጣሁ ወዲህ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን መንግሥት ጦሩን ሊቀንስ ነው፣ የኛም ጣቢያ ከሚዘጉት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። መርከቦቹ ወይ ወደ ደቡብ ወደ ሳንዲያጎ፣ ወይ ወደ ሰሜን ወደ ዋሽንግተን ስቴት ይሄዳሉ ተባለ። መርከቦቹ ከሄዱ ሱቄም አለቀላት።

የመንገዳችን ባለሱቆች ከጎኔ ያለው ፊሊፒናዊ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ተሰበሰብን። ጉዳዩን የሚያጠኑት ሰዎች ኦክላንድ መጥተው ሕዝቡን ሊያዳምጡ ነው፤ ከየመንገዱ አንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ይናገራል ተባለ። ፀጉር አስተካካዩ "አንቺ ተናገሪ፤ አንቺ አትፈሪም" አለኝ። እውነት ነው፣ አልፈራም። ግን ስናደድ እንግሊዝኛው ጥሎኝ ይጠፋል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ የማልናደድበት ሰዓት አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው አማቼ ትዝ ያሉኝ። የባለቤቴ አባት ከኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። በጃንሆይ ዘመን ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። ረጅም ናቸው፤ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ መጥተው በመስኮቱ መርከቦቹን ያያሉ፤ ስለ መልሕቅና ስለ ገመድ ሲያወሩ ደንበኞቼ ሳይቀሩ አፋቸውን ከፍተው ይሰሟቸዋል። እኛ አገር ሰው አንድ ትልቅ ነገር ሲፈልግ፣ ሚስትም ይሁን ምሕረት፣ ሽማግሌ ይልካል። እኔ ደግሞ ሽማግሌ፣ ያውም መርከበኛ ሽማግሌ፣ እቤቴ ቁጭ ብሎልኛል!

"አባባ፣ ስብሰባው ላይ ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጡዎት" አልኳቸው። "መርከቦቹ እዚሁ ይቅሩልን ብለው ይለምኑልን።"

"ሽማግሌ ሆኜ ነው የምሄደው?"

"አዎ፣ ሽማግሌ ሆነው።"

"እንግዲያው እንደ ሽማግሌ ነው የምናገረው" አሉ።

እኔ የሰማሁት እሺታቸውን ብቻ ነው። የሚሉትን በወረቀት ጽፌ አስጠናኋቸው። ጥቁር ሰማያዊ ኮታቸውን ተኮስኩ፤ የተላቀቁ ቁልፎቹን አውልቄ ከመርከበኞቹ የቁልፍ ሣጥን ወርቅማ ቁልፍ መርጬ ሰፋሁላቸው። መስታወት ፊት ቆመው ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩና "መኮንን አስመሰልሽኝ" ብለው ሳቁ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ባንዲራ የያዘ አለ፣ ልጅ ያዘለ አለ። መድረኩ ላይ ሰዎቹ በረጅም ጠረጴዛ ተደርድረዋል። ተራ ለሚጠብቁ ተናጋሪዎች ከፊት ወንበር ተዘጋጅቷል። አማቼ ግን አይቀመጡም። አስተናጋጇ መጥታ "ሰር፣ እባክዎ ይቀመጡ" ስትላቸው፣ ጎንበስ ብለው አመሰገኗትና "ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም" አሏት። እኛ ዘንድ ሽማግሌ እንዲህ ነው፤ የሄደበትን ቤት ለማክበር፣ የመጣበትን ጉዳይ ለማክበድ ነው የሚቆመው። እዚያ አዳራሽ ግን ነገሩ አድማ መሰለ። ከኋላ ያሉት "አይታየንም!" ብለው አጉረመረሙ፤ ጥበቃው ወገቡን ይዞ መጣ። እኔ ከኋላ ወንበር ተነስቼ ሰው እየረገጥኩ ሮጥኩ። "ተቃውሞ አይደለም፣ ባህላችን ነው፤ ሊለምን የመጣ ሰው አይቀመጥም" አልኩት። ጥበቃው አየኝ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ በቀስታ ክንዳቸውን ይዞ ግድግዳው ጥግ አቆማቸው። በዚያ ጉልበታቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሙ። እኔም በልቤ 'እንዲህ ያለ ሽማግሌ ማን እምቢ ይላል?' እያልኩ እኮራለሁ።

ተራቸው ደረሰና ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ። ሰላምታ ሰጡ። መኮንን እንደነበሩ፣ የባሕር ኑሮን እንደሚያውቁ ተናገሩ። እስከዚህ ድረስ ወረቀቴ ላይ እንዳለው ነው። ያኔ ከጠረጴዛው መሃል የተቀመጡት ሰውዬ፣ መቼም ለአክብሮት ይመስለኛል፣ "እርስዎ አዛዥ ቢሆኑ ታዲያ አውሮፕላን ተሸካሚዎቹን የት ያቆሟቸው ነበር?" ብለው ጠየቋቸው።

አማቼ ወረቀቴን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

"እኔ አዛዥ ብሆን እዚህ አላቆማቸውም" አሉ። "የዚህ ባሕር ወለል ደለል ይሞላዋል፤ እነዚህን መርከቦች ለማስገባት ሁልጊዜ መቆፈር ነው። መውጫውም ጠባብ ነው፤ በድልድይ ሥር ነው። ሰፊው ውቅያኖስ ደጁ ላይ የሆነ ጥልቅ ወደብ ካላችሁ እዚያ ይሂዱ። ስለዚህ መርከቦቹን አልለምናችሁም። የምለምናችሁ ጊዜ ነው። መርከብ ገመዱን ፈቶ በአንድ ጠዋት ይሄዳል፤ በሩ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ግን እንደዚያ አይሄድም። አንድ በአንድ ውሰዷቸው። አትቸኩሉብን።"

ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና፣ ከፊት ወዳለው ባዶ ወንበር ሄደው ቁጭ አሉ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ፀጉር አስተካካዩ ዞሮ አየኝ፤ ምን አለ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ብቻ እያየሁ ነዳሁ። እሳቸው ግን "ቁልፎቹ አማረብኝ፣ አይደል?" አሉ። ደሜ ፈላ።

ከዚያ በኋላ ለወራት ከአማቼ ጋር የነበረኝ ንግግር "ምሳ ቀርቧል" እና "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ ነበር። ባለቤቴ መሃል ገብቶ "አባቴ ባይናገርም እኮ የሚወስኑት ወስነዋል" ቢለኝ ቁጣዬ ለእሱም ተረፈ። ቅዳሜም አማቼ ሱቅ መምጣታቸውን ተዉ። የሚቀመጡበት ወንበር መስኮቱ ሥር ባዶውን ቆሞ ሳይ እናደዳለሁ፤ ለምን እንደምናደድ እንኳ አላውቅም ነበር።

ውሳኔው መጣ፤ ጣቢያው ይዘጋል። ግን በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ጥቂት ዓመታት ይፈጃል፣ መርከቦቹም ተራ በተራ ይሄዳሉ ተባለ። ፀጉር አስተካካዩ "የምርጫ ወሬ ነው፤ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ" ብሎ ሁለት አዳዲስ የፀጉር ወንበር አስገባ። እኔም እንደሱ ማመን ፈልጌ ነበር። ግን በሞከርኩ ቁጥር ያ የአማቼ ድምፅ ይመጣብኛል፤ "እዚህ አላቆማቸውም።" ባሕር የሚያውቅ ሰው በአደባባይ የተናገረውን እንዴት አድርጌ ልርሳው?

በእልህ ተነሳሁ። የመርከበኛውን ዩኒፎርም ከመስኮቱ አንስቼ አንድ የሚዜ ቀሚስ ሰቀልኩ። አንዲት የኦክላንድ ሴት አይታው ገባችና ለልጇ ሠርግ ስድስት አዘዘችኝ። ቀጥሎ በአቅራቢያችን ካለችው ከሄይዋርድ ከተማ አንድ ቤተ ክርስቲያን ለዘማሪዎቹ ካባ አሰፋ። የመጀመሪያው ካባ አንገቱ ጠቦ ዘማሪዋን ሊያንቃት ነበር፤ ሁለተኛው ግን አማረ። መርከቦቹ አንድ አንድ እያሉ ሲሄዱ፣ ለመሄድ የተዘጋጁት ልጆችም ምልክታቸውን ለማስቀየር ሱቄን አጨናነቁት። በአንድ በኩል ካባ፣ በሌላ በኩል ዩኒፎርም፤ ምሳ የምበላበት ጊዜ አጣሁ። ደክሞኝ ነበር፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጨረሻዋ መርከብ የምትሄድበት ጠዋት አማቼ ለባለቤቴ "አድርሰኝ" ሲሉት ሰማሁና "እኔ አደርሳቸዋለሁ" አልኩ። ሁለት ተጣጣፊ ወንበር መኪናው ላይ ጫንኩ። ያንኑ ኮት ለብሰዋል። የባሕሩ ዳር በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩም ከወዲያ ሆኖ ባርኔጣውን አነሳላቸው። እሱም ጥቂት ቆይቶ አዳዲሶቹን ወንበሮች ይዞ ሄይዋርድ ሊከፍት አስቦ ነበር።

መርከቧ ቀስ ብላ ከወደቡ ተላቀቀች። መርከበኞቹ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ ብዙዎቹ እጅጌ ላይ የእኔ ስፌት አለ። አማቼ አንዱ ወንበር ላይ አረፍ አሉና ሌላውን በእጃቸው እያመለከቱ "ተቀመጪ እንጂ፣ ልጄ" አሉኝ።

"ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። "እሺ፣ ተናገሪ።"

"ያን ቀን እነዚያ ሰዎች ፊት ለምን እንደዚያ አሉ? ሁለት ደቂቃ ዋሽተው ቢለምኑልኝ ምን ነበረበት?"

ወደ መርከቧ ዞሩ። ትልቁ ድልድይ ሥር ልትደርስ ነበር።

"ለነሱ የተናገርኩ መሰለሽ?" አሉ። "እነሱ እኔን ጠይቀው አይወስኑም። አንቺ ግን ከኋላ ተቀምጠሽ ትሰሚኝ ነበር። መርከቦቹ እዚሁ ይቀራሉ ብል፣ ታምኚኝ ነበር።"

ወንበሩን ወደሳቸው ጠጋ አድርጌ ተቀመጥኩ።