ከኋላ ወንበር የወጣው እጅ

የጎረቤቴ ልጅ ሐዊ ሰሞኑን ከሮቤ ወደ ብድሬ ርዕሰ መምህርት ሆና ተመድባለች። ልትሰናበተኝ መጥታ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ አስተምረዋል፤ ከየት ልጀምር?» አለችኝ። ምክር ሲጠፋኝ የዲንሾውን ርዕሰ መምህር አቶ አማንን አነሳሁላት።

ዲንሾ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ገብሱ ሊያሸት ቢቃረብም ዝናቡ ገና አልለቀቀም ነበር፤ ቆሎ በኪሳችን ይዘን፣ ጭቃ እያቦካን ነበር ትምህርት ቤት የምንደርሰው። ሒሳብ የሚያስተምረን መምህር ደረጀ ከወሎ የመጣ ወጣት ነው። ሰሌዳውን ይሞላል፣ «ገልብጡ» ይላል፣ ይወጣል። የጠየቀ ይሰደባል። የስድስተኛ ክፍል ፈተናን የወደቀ ደግሞ ሰባተኛን ጎባ ሄዶ መማሩ ቀረ ማለት ነው። የቀድሞው ርዕሰ መምህር ይህን ያውቁ እንደሆነ እንጃ፤ ከቢሯቸው ሲወጡ አይተን አናውቅም።

አቶ አማን በተሾሙ ሰሞን አንድ ጠዋት «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ» ብለውን ገቡና ኋላ ወንበር ላይ፣ በእኔና በጓደኛዬ በፋጡማ መሃል ተቀመጡ። ትምህርቱ ክፍልፋይ መደመር ነበር። መምህሩ ጽፎ ሲጨርስ አቶ አማን እጃቸውን አወጡ።

«ይቅርታ መምህር፣ የታችኛው ቁጥር ለምን ተቀየረ? አልገባኝም።»

መምህር ደረጀ ፊቱ ቀላ። ሰሌዳውን አጥፍቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ደግመው ጠየቁ፤ ደግሞ አስረዳ። ያን ጊዜ ፋጡማ እጇን አወጣች፤ ቀጥሎ እኔ።

ደወሉ ሲደወል ክፍል ልጠርግ ቀርቼ፣ በር ላይ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ተማሪ ፊት አዋረዱኝ» አለ መምህሩ።

«ብታኮርፍ አልፈርድብህም» አሉት። «ልጆቹ ግን ፈርተውሃል። አሁን አንተ ንገረኝ፤ ምን ጎደለህ?»

«ቤቱ ያፈሳል። እርጥብ ብርድ ልብስ ውስጥ አድሬ ነው የምመጣው» አለ።

ቅዳሜ አባቴና ሌሎች ወላጆች ሣር ተሸክመው ሄደው ጣሪያውን ከደኑለት። መሰላሉ ላይ የወጡት አቶ አማን ነበሩ። መምህር ደረጀ ኩርፊያው ቶሎ አልለቀቀውም፤ «ገልብጡ» ብሎ መውጣቱን ግን ተወ። ፈተናው ሲቃረብ ከሰዓት በኋላ እያስቀረ ያስጠናን ነበር። ያላለፉም ነበሩ። ፋጡማና እኔ ጎባ ገባን።

ሐዊ አዳምጣኝ ስታበቃ፣ «መምህሩ ተቆጥቶ ጥሎ ቢሄድስ ኖሮ?» አለች።

«ሊሄድ ይችል ነበር» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ትምህርት ቤቶች ጎበዝ መምህር ቸልተኛ አለቃ ስር ሲደነዝዝ፣ ደካማውም የሚከታተለው ሲያገኝ ሲቃና አይቻለሁ። አቶ አማን ያን ጠዋት ምን እንደሚከተል አስቀድመው የሚያውቁ አይመስለኝም። እኛ ግን ከዚያ በኋላ መጠየቅ አልፈራንም።